የቀቀልኩት አፈር

ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ዶክተር ነጂብ ነጭ ጋውን ሰጡኝና «እዚህ ክፍል ውስጥ ጠላታችን ባክቴሪያ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ መጥቼ ከሁሉ ቀድሜ እገባለሁ፤ ጠረጴዛውን በአልኮል፣ ወለሉን በበረኪና እፈገፍጋለሁ። ባልደረቦቼ «በረኪና» የሚል ስም አወጡልኝ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ሥራችን ከደንገጎ ዳገት በላይ ካለው ጫካ የሚገኘውን የሚበላ እንጉዳይ ኤሲ ባለው ክፍል ማብቀል ነበር። ጭዱን በአውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት በሚቀቅለው ትልቅ ድስት፣ አበስላለሁ፤ ዘሩን እዘራለሁ፤ ከዘሩ የሚወጣው ነጭ ክር ጭዱን ሲወርሰው፣ እንጉዳዩ እንዲበቅል የጫካ አፈር አለብሰዋለሁ። አፈሩንም ቀቅዬ ነው፣ እንዴታ!

ክሩ ያምራል፤ እንጉዳይ ግን የለም። ሦስት ዙር እንዲሁ አለፈ።

«የሚቀጥለው ካልበቀለ ክፍሉን ለውሃ ምርመራ ይወስዱታል» አሉኝ ዶክተር። ያን ክፍል እንደ ቤቴ እወደው ነበር።

በዚያው ሳምንት እንጉዳይና አፈር ከጫካ የሚያመጡልን አዴ ሙሚና ጆንያቸውን ይዘው ገቡ። ድስቱ ያፏጫል።

«ምን እየቀቀልሽ ነው?»

«አፈር።»

«አቦ ተይኝ! ወላሂ ያመጣሁልሽን አፈር ገድለሽ ነው አልበቀለም የምትዪው? አሽትቺው እስቲ!»

አሸተትኩት። ጆንያው ዝናብ የዘነበበት ጫካ ይሸታል፤ የእኔው የተቀቀለው አፈር ምንም አይሸትም። ያን ሽታ የሚያወጡት የአፈር ባክቴሪያዎች መሆናቸውን ተምሬ ነበር። ለፈተና ነዋ የተማርኩት!

አንዱን የጭድ ሳጥን ጥሬ አፈር ላልብሰው ብዬ ዶክተርን ጠየቅኩ። ሻጋታ ቢነሳ ክፍሉ በሙሉ ይበከላል። «አብደሻል» አሉኝ፤ ግን አልከለከሉኝም። አፈሩን ሳልቀቅለው ሳጥኑ ላይ በተንኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት የስፒል ራስ የሚያካክሉ ነጫጭ እንጉዳዮች ያንን ሳጥን ሞልተውታል። የተቀቀለ አፈር የለበሱት እንደ ድሮው ባዶ ናቸው። ጮህኩ! ዶክተር በውጭ ጫማቸው ሮጠው ገቡ፤ ሌላ ቀን ቢሆን አባርራቸው ነበር።

«ባክቴሪያዎቹን ፔትሪ ሳህን ላይ አሳድጊልኝ፤ እነማን እንደሆኑ ልያቸው» አሉ። ጠላት ያሉኝ ሰውዬ! ክፍሉም የእኛው ሆኖ ቀረ።

አሁን አዲስ ሠራተኛ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ዕቃውን ቀቅሉ፣ ጭዱን ቀቅሉ እላቸዋለሁ። አፈሩን ተዉት።