የታደለ በቅሎና የደምለው ኮርቻ

ደባርቅ ከተማ፣ ከብት ተራው አጠገብ፣ ደምለው የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበር። እጁ የተባረከ ነው። እሱ የሠራው ኮርቻ የበቅሎ ጀርባ አይልጥም፤ ቁልቁለት ሲወርድ ወደ አንገት፣ ዳገት ሲወጣ ወደ ወገብ አይንሸራተትም። ፈረንጅ ወደ ተራራው የሚያወጡ በቅሎ አከራዮች ሁሉ ደንበኞቹ ነበሩ። አንድ ዐመል ብቻ ነበረበት፤ ዕቃ መደበቅ ይወዳል። ሰስቶ አይደለም፣ ሰውን ለመጉዳትም አይደለም። እንዲያው አንድ ነገር በደንብ ተደብቆ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሳያየው ሲቀር፣ ሆዱን ደስ ይለዋል። ሚስቱ የሺወርቅ ከተጋቡ ጀምሮ የጨው ዕቃዋን ባስቀመጠችበት አግኝታው አታውቅም። "እኔን ለአይጥ ነው የዳሩኝ" ትላለች ለጎረቤት።

በ2001 ዓ.ም. መስቀል አልፎ ፈረንጅ መምጣት በጀመረበት ሰሞን፣ ደምለው የታዘዘውን ኮርቻ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ከተማው ዳር ሲወጣ አንድ ጢማም ፈረንጅ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ እጁን እስከ ብብቱ ድረስ በድንጋይ ካብ ውስጥ ከቶ አየ። አስጎብኚው ማዕረግ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ማዕረግ የሰፈር ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛ ያውቃል፣ ፈረንጅ የሚሠራው ሥራም አያስገርመውም።

"ምን ጠፍቶበት ነው?" አለ ደምለው።

"ምንም አልጠፋበትም፣ ጋሽ ደምለው። ሌላ ፈረንጅ የደበቀውን እየፈለገ ነው።"

ደምለው ኮርቻውን ከትከሻው አወረደ። ማዕረግም ነገሩን እያቃለለ ነገረው። በየአገሩ ሰዎች ትንሽ ሣጥን ይደብቃሉ፤ የደበቁበትን ቦታ በጂፒኤስ ቁጥር አድርገው ኮምፒዩተር ላይ ይጽፋሉ፤ የማያውቃቸው ሰው ቁጥሩን ይዞ ይመጣና ይፈልጋል። ጂኦካሺንግ ይሉታል። ደምለው ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀ። እርሳስና ወረቀት፣ አንዳንዴም አንድ የማይረባ መጫወቻ ነው ተባለ። ያገኘው ሰው ይዞት ይሄዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም፣ ስሙን ይጽፍና እንደነበረ መልሶ ደብቆት ይሄዳል ተባለ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥቅሙ ምን እንደሆነ ነው። ደምለው ይህን አልጠየቀም። ኮርቻው ላይ ቁጭ አለና ፈረንጁን ይመለከት ጀመር።

"እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው?" አለ በመጨረሻ።

"ሞልቷል።"

ደምለው እስከዚያች ቀን ድረስ ይህ ነገር የእሱ የብቻው ዐመል መስሎት ኖሯል። ለካ ባሕር ማዶ ማኅበር አለው።

ከዚያ በኋላ ማዕረግን መውጫ መግቢያ አሳጣው። ማዕረግ ከአንድ ጎብኚ የተሰጠው አሮጌ ጂፒኤስ ነበረው፤ ጎንደር ሲወርድም ኢንተርኔት ቤት ይገባል። በመጨረሻ እሺ ብሎ በደምለው ስም አስመዘገበው። ደምለውም መጀመሪያ የሠራው ድንጋይ ነው። እንጨት ፈልፍሎ፣ በቆዳ ለብጦ፣ ሙጫ ቀብቶ አሸዋና አመድ ነሰነሰበት፤ ከእውነተኛ ድንጋይ ላይ የድንጋይ ሽበት የሚባለውን ሻጋታ ፍቆ ለጠፈበት። ትንሽ ሣጥን በድንጋዩ ሆድ ውስጥ አስገብቶ ሊማሊሞ አናት ላይ ካለ አንድ ማሳ ዳር አኖረው። ማዕረግ ቁጥሩን ወሰደ።

ፈረንጆች ሄዱ፤ አጡት፤ ኮምፒዩተሩ ላይ "የለም" ብለው ጻፉ። ደምለው መጀመሪያ ደስ አለው። "የለም" የሚለው ቃል ሲበዛ ግን ከነከነው፤ ውሸታም የተባለ መሰለው። አንድ ቀን ሥራውን ትቶ ሊያየው ወጣ። እሱም አጣው። ድንጋዩ ሁሉ ያው ድንጋይ ነው። ጎንበስ ቀና ሲል የማሳው ባለቤት አለነ መጣና ምን እንደጠፋው ጠየቀው።

"ድንጋይ" አለ ደምለው።

አለነ ዙሪያውን ተመለከተ። "ምን ዓይነት ድንጋይ?"

"እንደነዚህ ያለ።"

አለነ የተቸገረ ሰው አይቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ጋቢውን አስቀመጠና አብሮት ይፈልግ ጀመር። አንድ ያነሣና "ይሄ ነው?" ይላል፤ ደምለው በእጁ ይመዝነውና "የእኔ ይቀላል" ይላል፤ ያም ዳር ይጣላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የደምለው ድንጋይ አልተገኘም፤ የአለነ ማሳ ግን እንደ መዳፍ ጸዳ። ለስንት ዘመን እለቅመዋለሁ እያለ ሲያሳድረው የኖረ ሥራ ነበርና፣ አለነ ደምለውን መርቆ፣ ጠላ አጠጥቶ፣ ከቻለ በሚመጣው ዓመት ታችኛው እርሻ ላይም አንድ ነገር እንዲጠፋበት ለምኖ ሸኘው።

ደምለው መንገዱን ሙሉ ሲያስብ መጣ። ጥፋቱ ገባው። ድንጋይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ደግሞ ይረሳል። መደበቂያው ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያየው፣ የሚሄድ የሚመጣ ነገር መሆን አለበት። በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ ታደለ ለበቅሎው አዲስ ኮርቻ አዝዞት ነበር።

የታደለ በቅሎ በመልኳ ሐመሪት ትባላለች። ታደለ ከሚያከራያቸው በቅሎዎች መካከል ሰነፏ እሷ ናት። ውኃ ስታይ ትቆማለች፤ ድልድይ ስታይ ትተኛለች፤ የማትወደው ሰው ከኋላዋ ካለፈ እግሯ ዝም አይልም። ደምለው ከኮርቻው የፊት ጉብታ ሥር፣ በቆዳው እጥፋት ውስጥ፣ ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ቀርቅሮ ሰፋው። በጣት ሲገፉት ብቻ ይከፈታል። ለታደለ አልነገረውም። ቢነግረው ለሚስቱ ይነግራል፤ ሚስቱ ለጠላ ቤቱ ትነግራለች፤ ከዚያ ወዲያ ተደበቀ አይባልም።

ማዕረግ ግን አልዋጥለት አለ። "ቁጥሩ የአንድ ቦታ መሆን አለበት፤ በቅሎ ትሄዳለች" አለ።

"ትመለሳለች።"

"ተራራው ላይ ጊች ልትሆን ትችላለች፤ ጨነቅ ልትሆን ትችላለች።"

"የምታድረው ታደለ በረት ነው። የበረቱን ቁጥር ጻፍ" አለ ደምለው። ፍንጭ የሚጻፍበት ቦታ አለ ሲባልም ትንሽ አሰበና "የተሸከመችውን አታውቅም ብለህ ጻፍ" አለው።

እንግዲህ የታደለ መከራ ከዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች መጡ። አጥሩ ጥግ ቆመው እጃቸው ላይ ያለውን የጂፒኤስ መሣሪያ አዩ፤ በረቱን አዩ። ታደለ በቅሎ ሊከራዩ መስሎት አስገባቸው። ገለባውን በረበሩ፤ ግርግሙን ዳበሱ፤ ከዚያ ሐመሪትን ትኩር ብለው አይተው ተጠቃቀሱ። አንደኛዋ የበቅሎዋን ጆሮ ገልጣ ውስጡን አየች። ኮርቻው ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበርና ምንም ሳያገኙ፣ ግን እየሳቁ ሄዱ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ መጣ፤ ጭራዋን ቢያነሣ ሐመሪት በእርግጫ አለችው፤ እያነከሰ አመስግኖ ወጣ። ሌሎቹ ጨነቅ ድረስ ተከትለዋት ሄደው እዚያ ደረሱባት። ኮርቻ የተጫነች ጊዜ የደረሱት ሣጥኗን አግኝተው፣ ተደብቀው ፈርመው፣ መልሰው ከተቱ። የጨዋታው ደንብ ለማያውቅ ሰው አለማሳየት ነውና ማንም አልተናገረም። ታደለ የሚያየው ሰዎች ከባሕር ማዶ እየመጡ በቅሎውን ሲያሻሹ፣ ሲንሾካሾኩና ፊታቸው በርቶ ሲሄዱ ብቻ ነው።

ሰፈሩ ያለውን አለ። ሆዷ ውስጥ ወርቅ አለ ያለ አለ። ድሮ ከፈረንጅ ቤተ መንግሥት የጠፋች በቅሎ ዘር ናት ያለም ነበር፤ በቅሎ እንደማትወልድ ቢነገረውም ሐሳቡን አልቀየረም። የእንስሳት ሐኪሙ ተጠርቶ ጥርሷን አየ፤ ሆዷን አዳመጠ፤ ጤነኛ እንደሆነች፣ ትንሽ እንደወፈረች ተናገረ። ታደለ በዚህ አልረካም። የንስሐ አባቱን አባ ኪዳነ ማርያምን አምጥቶ እንዲያዩለት ለመናቸው። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው አንድ ጊዜ ዞሯት።

"በቅሎ ናት" አሉ።

ታደለ ቃሉን ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰላስለው ሰነበተ። አባ ነገር የሚያቃልሉ ሰው አይደሉም፤ ስለዚህ ውስጡ አንድ ምሥጢር ሳይኖረው አይቀርም ብሎ አሰበ። ከዚያ ወዲያ ሐመሪትን ጭነት ማሸከም ተወ። ገብስ ያበላታል፤ ያጥባታል፤ ፈረንጅ ሲመጣ ብቻ ኮርቻዋን ጭኖ ደጅ ያቆማታል። ከጃናሞራ የመጣ ነጋዴ ሁለት ጠንካራ በቅሎና አንድ በሬ በእሷ ለውጥ ቢሰጠው እንቢ አለ። ሐመሪትም ነገሩ የገባት ይመስል ጭራሽ በድልድይ በኩል የሚሄድ ሰው ማየትም አልፈልግ አለች።

ደምለው ይህን ሁሉ ያያል። የኮርቻውን ጠፍር ልይ እያለ በየጊዜው ታደለ ቤት ይሄድና የፈረሙትን ስሞች ይቆጥራል፤ ማንበብ የማይችለውን ፊደል በጣቱ እየዳበሰ ደስ ይለዋል። ወዲያው ደግሞ የጎረቤቱን ፊት ሲያይ ያፍራል። ልንገረው ይላል፤ ነገ ይላል። እንዲህ ሲል አንድ ቀን ታደለ ራሱ መጣ። የድሮው ኮርቻ ለሐመሪት እንደማይመጥናት፣ ባለ ጌጥ እንዲሠራላት፣ ኮርቻው ላይ የሚደረበው ቀይ ጨርቅ፣ ግላሱም፣ እስከ ጉልበቷ እንዲወርድ አዘዘ።

"አሮጌውን ለእኔ ስጠኝ" አለ ደምለው ቶሎ ብሎ።

"የለም። ከእንግዲህ የእሷ የሆነ ነገር ከቤቴ አይወጣም። እልፍኝ እሰቅለዋለሁ።"

ደምለው አዲሱን ኮርቻ ሲሠራ ለሣጥኗ ቦታ አበጀላት። የቀረው ሳይታዩ ማዛወር ነው። ታደለ ደግሞ ጠላ ጠምቆ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ አባን ጋብዞ፣ ኮርቻው ሰው ፊት እንዲለወጥ ደገሰ። በዕለቱ እንግዶቹ እልፍኝ ሲቀመጡ፣ ደምለው ልኳን ልይ ብሎ ወደ በረቱ ወጣ። ሐመሪት አሮጌውን ኮርቻ እንደተጫነች ቆማለች። እጁን ከጉብታው ሥር አስገብቶ ሣጥኗን ሲስባት፣ ቆዳው ከሙቀት ይሁን ከዝናብ ተኮማትሮባት አልላቀቅ አለች። ሲታገል ከኋላው የሰው ኮቴ ሰማ። ማዕረግና አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ናቸው። ሴትዮዋ ጉልበቷን በጨርቅ አስራለች፤ በእጇ መሣሪያውን ይዛለች። ደምለው እጁን ኮርቻ ሥር ከቶ፣ ላቡ ጠብ እያለ ስታየው፣ እሱም እንደሷ ፈልጎ የመጣ ሰው መሰላት። ቀድሞ በማግኘቱ አድንቃ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ አጨበጨበችለት። ሌላኛውን እጁን ይዛም ትጨብጠው ጀመር።

ማዕረግ ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሣ። በጭብጨባው የእልፍኙ ሰው ሁሉ ተከታትሎ ወጣ። ሣጥኗ በዚያው ቅጽበት ተላቃ ደምለው መዳፍ ላይ ወጣች።

ታደለ ቀርቦ አያት። "ምንድን ናት?" አለ።

ደምለው ሣጥኗን አቀበለው። መጀመሪያ ካየው ጢማም ፈረንጅ ጀምሮ እስከ በረቱ ቁጥር ድረስ ሁሉንም ተናገረ። ታደለ ሣጥኗን ከፍቶ በመዳፉ ላይ ገለበጣት፤ እርሳስ፣ የተጠቀለለ ወረቀት፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ የላስቲክ እንቁራሪት ወጣ። እንቁራሪቷን ለረጅም ጊዜ አያት።

"ታዲያ ለበቅሎዬ ብለው አልነበረም የሚመጡት?"

ሴትዮዋ ምን እንደተፈጠረ ማዕረግን ጠየቀችው፤ እሱም ነገራት። እሷም ዝግ ብላ መለሰች።

"ሣጥን አገሬም ሞልቷል ነው የምትለው" አለ ማዕረግ። "እስካሁን ያገኘሁትን እንኳ አላስታውሰውም። እዚህ ድረስ የመጣሁት ለበቅሎዋ ነው እያለች ነው።"

ታደለ ሐመሪትን አየ። ሐመሪት የሴትዮዋን ባርኔጣ ልትበላ አንገቷን ዘርግታ ነበር።

"እንግዲያው" አለ ታደለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እኔም ልፈርም።"

ታደለ ፈረመ፤ ሚስቱ ፈረመች፤ የተጠራው ሁሉ እየተሰለፈ ፈረመ፤ ጽሕፈት የማያውቀው ጣቱን አመድ አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። አባ ኪዳነ ማርያም የቀረውን ወረቀት በሙሉ በግእዝ ምርቃት ሞሉት። ለአሮጊቷ ቦታ ስላልተረፈ ጀርባው ላይ ጻፈች።

ሽማግሌዎች ግን ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። በእሑዱ ተቀምጠው መከሩ። መደበቁ ጥፋት አይደለም አሉ፤ ጥፋቱ ሳያስፈቅዱ የሰው በቅሎ ላይ ዕቃ መጫን ነው። ሣጥኗ ስንት ጊዜ ጨነቅ፣ ስንት ጊዜ ጊች ደርሳ እንደተመለሰች ታደለን ጠየቁት፤ ሣጥኗን እየተቀባበሉ በመዳፋቸው መዘኑ፤ አንዱ ከነእንቁራሪቷ ነው ወይስ ያለሷ ብሎ ጠይቆ ረጅም ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ አዲሱ ኮርቻ የጭነቱ ካሳ ሆኖ እንዲቀር ፈረዱና አስታረቁ።

ሣጥኗ አዲሱ ኮርቻ ውስጥ ገባች፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ የት እንዳለች ያውቃል፤ ለፈረንጅ ግን ማንም አይናገርም። ደምለው ማንም ሳይገሥጸው ወረቀቷን ይቀይራል። ታደለ ደጁ ላይ የድንጋይ መደብ ሠራ፤ ፈልገው የደከማቸው ይቀመጡበታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መሣሪያው ቀርቶ ሰው ሁሉ በስልኩ መፈለግ ሲጀምር፣ አንድ ወጣት ፈረንጅ ገብቶ ሰላምታ እንኳ ሳያሟላ ቀጥ ብሎ ወደ ኮርቻው ሄደ፤ ጣቱን ሰደደ፤ ሣጥኗን አወጣ፤ ፈረመ። ሐመሪትን ዞር ብሎ አላያትም። ታደለ ሣጥኗን ከእጁ ተቀበለው፤ መልሶ ከተታት። ከዚያ ወጣቱን ክንዱን ይዞ እስከ አጥሩ በር ወሰደው፤ አዙሮ አቆመውና እንደገና እንዲገባ፣ ከገለባው እንዲጀምር በእጁ አመለከተው።