ድርቤ በባዶ እጇ የዳኘችው ትዳር

ነቀምቴ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጎረቤት ይገላግላል፤ በማግስቱ ደግሞ አንዱ ብድግ ብሎ «ኧረ አዴ ድርቤ ዘንድ ሂዱ» ይላል። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ድርቤ ጨመዳን ለዚህ ሥራ የሾማት መንግሥት ግን የለም። ቢላ የምትባል የወለጋ ከተማ ልጅ ናት፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥራ ነቀምቴ መጣችና ክሊኒክ ውስጥ ቁስል አጣቢ ሆነች።

ሽምግልናውን ያስተማራት ያው ክሊኒኩ ነው። ራሴን፣ ጎኔን፣ ልቤን እያሉ የሚመጡ ሴቶች ክኒን ወስደው በሳምንቱ ይመለሳሉ። ድርቤ አንድ ቀን ፋሻውን አስቀመጠችና አንዷን «ቤትሽ ደኅና ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ እስከ ምሳ ሰዓት ስታለቅስ ቆየች፤ ራስ ምታቱም ለቀቃት። ከዚያ ወዲያ ድርቤን ማን ይመልሳት!

እንደ ወንዶቹ ሽማግሎች ዛፍ ሥር ተቀምጦ በምሳሌ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አይሆንላትም። ባልና ሚስቱን ጓሮዋ ታስቀምጥና በመካከላቸው የደረቀ በቆሎ ክምር ታደርጋለች። «ፈልፍሉ! እጅ ሥራ ሲይዝ ምላስ ይበርዳል» ትላለች። እየፈለፈሉ ባል የሚስቱን ቅሬታ፣ ሚስትም የባሏን ቅሬታ በገዛ አፋቸው ይናገራሉ፤ የቅሬታው ባለቤት «አዎ፣ እሱ ነው» እስኪል ድረስ ይደጋግሙታል። ስንቱ ጎበዝ ሦስት ቁና ፈልፍሎ የሚስቱን ቅሬታ ሳያገኘው መሽቶበታል! በመጨረሻ ድርቤ እርጥብ ሰርዶ ነጭታ በሁለት እጇ ትይዝና ታረቁ ብላ ትለምናቸዋለች። በወለጋ ሣር ይዞ የለመነ ትልቅ ሰው እምቢ አይባልም። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ጥንድ ከዚያ ጓሮ ተለያይቶ አልወጣም፤ እሷም ይህን ለማውራት የምታፍር ሴት አልነበረችም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሎሚ የምትባል የሲሬ ልጅ ከባሏ ከዓምደሚካኤል ልፋታ ብላ ለፍርድ ቤት አመለከተች። ዓምደሚካኤል ከሸዋ መጥተው ከሰፈሩ ሰዎች የተወለደ፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው፤ አይጠጣም፣ አይማታም። ሎሚ ከመጋባታቸው በፊት ሲሬ ታስተምር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊትም ተጣልተው ድርቤ አስታርቃቸዋለች። ፍርድ ቤቱ እንደ አዲሱ ሕግ ጉዳዩን ባልና ሚስቱ ወደሚመርጧቸው የዘመድ ዳኞች መራው፤ ከአምስቱ ዳኞች አራቱ ወንዶች፣ አምስተኛዋ ድርቤ ሆነች። ሰብሳቢው አቶ ወልደሩፋኤል ሴት ዳኛ ባይጥማቸውም ሥራ ማሳጠር ይወዳሉ።

«ድርቤ፣ ያንን ሣርሽን ያዢና ጨርሺልን» አሏት።

አቶ ወልደሩፋኤል ግቢ ውስጥ በቆሎው ቀረበ። ሎሚ የባሏን ቅሬታ አንድ ሳታስቀር ተናገረች፤ ዓምደሚካኤልም ተገርሞ «አዎ፣ እሱ ነው» አለ። ተራው የእሱ ሆነ። ፈለፈለ፣ ፈለፈለ።

«ምን ጎደለባት?» አለ በመጨረሻ። «ቤቱ ሙሉ ነው።»

ሎሚ ራሷን ነቀነቀች። ድርቤ ወደ ሰርዶው ልትነሣ ስትል አንድ ነገር ከነከናትና መልሳ ተቀመጠች።

«ሎሚ፣ ያኔ ታረቂ ስልሽ ቶሌ ብለሽኝ አልነበር? እሺ ብለሽ ሄደሽ ምነው ተመለስሽ?»

«ሀርሜ፣ እናቴ፣ ሣር ይዘሽ ነበር» አለች ሎሚ አንገቷን ደፍታ። «እናቴን የምታክል ሰው ሣር ይዛ እምቢ ልበላት? ሆድ ይፍጀው ብዬ ገባሁ። ዛሬም ከያዝሽ ቶሌ እላለሁ። ብቻ ሲሬን ደግሜ አላያትም።»

ድርቤ ፊቷ ጋለ። የልጅቱ ዕድሜ በእጇ ላይ እንዳለ ያን ጊዜ ገባት፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተኩራራችበት ነገር ሁሉ አሳፈራት። ግን ድርቤ ስታፍር የምትደበቅ ሰው አይደለችም። ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየቻት።

«ይኸው፣ ምንም አልያዝኩም። አሁን ንገሪኝ።»

«አልመለስም» አለች ሎሚ፣ ቀና ብላ። «አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ምን ይመስልሻል ብሎኝ አያውቅም። ማስተማሬን ተዪ አለኝ፤ ቤት ሲከራይ አልጠየቀኝ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ኖርኩ።»

አቶ ወልደሩፋኤል ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። «ሴት ዳኛ አድርገን እኛው አጠፋን!»

«ጋሼ፣ ያጠፋሁትስ ያኔ ነው» አለች ድርቤ ድምፅዋን ሳትሰብር። «አፏን ዘግቼ አስታረቅሁ አልኩ። ዛሬ አፏን ከፍቼ ሰማሁ። ይጻፍልኝ፤ ይለያዩ።»

ሽማግሎቹ ወደ ባልየው ዞሩ። ዓምደሚካኤል በእጁ የያዘውን በቆሎ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«እውነቷን ነው» አለ። «አልጠየቅኋትም።»

አምስቱም ፈረሙ፤ ሎሚ በሳምንቱ ሲሬ ገባች።

ወሬው ከድርቤ ቀድሞ ቤቷ ደረሰ። ባሏ ባቻ አናጢ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጅ ላይ ሳንቃ እየላገ አገኘችው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት እሷም ተቆጥታ ቢላ እናቷ ቤት ገብታ ነበር፤ ያመጧት ባቻ የላካቸው ሽማግሎች ናቸው።

«አንቺስ?» አላት ቀና ሳይል። «ያኔ ሽማግሎቹ ሣር ባይዙብሽ ትመለሺልኝ ነበር?»

ልትዋሽለት ትችል ነበር። ጠዋት የሰው ትዳር በእውነት ዳኝታ ማታ በገዛ ደጇ መዋሸት ግን አልሆነላትም።

«አልመለስም ነበር» አለችው።

ባቻ መላጊያውን አስቀመጠ። ድርቤ ቃሏን አላነሣችም። ሳንቃውን ወደ ጎን ገፍቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ዛሬስ? መኖር ትፈልጊያለሽ?»

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ድርቤ ፍቅፋቂውን በእግሯ ገፋ አደረገችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«እፈልጋለሁ» አለችው።