ከሐና ጋር ገለምሶ፦ ዲጄዋ ልጄ የተፈተነችበት ቅዳሜ

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከልጄ ከሐና ጋር ከጭሮ ወደ ገለምሶ ተነሣን። ሐና ዕድሜዋ ሃያ ሁለት፣ ሙያዋ ዲጄ ነው። ገለምሶ ላይ አዲስ ሰገነት የሠሩ የሆቴል ባለቤት፣ አቶ ጀማል፣ አጨዋወቷን ከወደዱት በየቅዳሜው ሊቀጥሯት ነው። አባቷ ውሳኔውን ለእኔ ተወው። እኔ ደግሞ ቦታውን በዓይኔ ሳላይ አልፈቅድም አልኩ።

መንገዱ

ሚኒባሱ ለአንድ ሰው አርባ ብር አስከፈለን። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩት። መሣሪያዋ ያለበት ካርቶን ጣሪያ ላይ ስለታሰረ፣ ገመዱ እንዳይላላ ወርጄ አየሁ። ኩኒን እስክናልፍ ጭጋግ ነበር። ከዚያ በኋላ አቧራ ነው፤ ግራና ቀኙ ጫት፣ አልፎ አልፎ ቡና።

ሥራዋን እንድታስረዳኝ ጠየቅኳት። የምታጫውተው ቴክ ሀውስ የሚባለውን ነው፤ ግጥም እምብዛም የለውም፣ ምት ይበዛበታል። አንዱ ሙዚቃ ሳያልቅ ሌላው ይገባል። የመጀመሪያው በደቂቃ 125 ጊዜ የሚመታ ከሆነ የሚገባውንም እዚያው ፍጥነት ላይ ታመጣዋለች። ኪይ የሚሉትም አለ። ላፕቶፑ ላይ የሰዓት ፊት የመሰለ ክብ አሳየችኝ። ስምንት ላይ ያለ ሙዚቃ ከሰባት ወይም ከዘጠኝ ጋር ይስማማል፣ ከሁለት ጋር ይጣላል። መዘምራን ሲዘምሩ አንዱ በሌላ ድምፅ ሲጀምር እንደሚሆነው ነው አለችኝ፤ ይህ ገባኝ። የሙዚቃው ጉልበት የምትለው ግን አልገባኝም።

«እሱ ላፕቶፑ ላይ አይደለም እማዬ፣ ሰዉ ላይ ነው» አለችኝ።

በዴሳ ስንደርስ ሻይና ሳምቡሳ ቀመስን። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ጣሪያው ላይ የታሰረውን ካርቶን አይታ ልጄን ልድር የምሄድ መስሏት ጠየቀችኝ። ለሥራ ነው አልኳት።

«እናት ተከትላ የምትሄድበት ሥራ ደግሞ አላየሁም» ብላ ሳቀችብኝ።

ሰገነቱ

ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረች። ደንበኞቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው በርጫቸውን፣ የከሰዓት ጫታቸውን፣ ይዘዋል። ጫት ያለበት ቦታ እኔን ይከብደኛል፤ በሩም ልጄም የሚታዩኝ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ አንድም ሰው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

አቶ ጀማል መጡ። እናቷ እያለች ልጅቷን መገሠጽ ነውር ስለሆነ ወደ እኔ ነው የመጡት፤ አዮ የሚሉኝ እናት ለማለት ነው።

«አዮ፣ ልጅሽ ሰዎቼን አስተኛቻቸው። ሞቅ ታድርገው። ካልሆነ ሌላ ልጅ አለኝ።»

ሄጄ ነገርኳት። ከጆሮዋ አንዱን ማዳመጫ አነሣች።

«እማዬ፣ ፊታቸውን ተዪው። እጃቸውን እዪ።»

አየሁ። ጉንጫቸው ተወጥሯል፤ ከወገብ በላይ ድንጋይ ናቸው። ቅጠል የሚቀነጥሱት ጣቶች ግን ከምቱ ጋር ነበሩ። የእግሮቻቸው ጣቶችም እንዲሁ።

«ምርቃና ላይ ናቸው፣ ጫቱ ይዟቸዋል። አሁን ብጮህባቸው ተበሳጭተው ይሄዳሉ። በርጫው እስኪያልቅ በዚሁ ላቆያቸው» አለችኝ።

ተመለስኩ። ትእዛዛቸውን ማድረሴን፣ ልጄ ግን እንዳልተቀበለችው መንገር ነበረብኝ።

«አቶ ጀማል፣ ትንሽ ይታገሷት» አልኩ። «እኔም አይቻለሁ፤ እየሰሟት ነው።»

ሰዓታቸውን አዩ። እስከ አሥር ብለውኝ ሄዱ።

ያ ጊዜ ረዘመብኝ። በዚያ ክብ ላይ ከስምንት ወደ ዘጠኝ ተሻግራለች፣ ፍጥነቱም 126 ገብቷል፤ በኋላ ነገረችኝ እንጂ መቼ እንደተለወጠ አላወቅኩም። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ሰዎቹ ገራባውን፣ የጫቱን ትርፍራፊ፣ ጠራርገው ውኃ መጠጣት ጀመሩ። ያኔ ወፍራሙን ድምፅ ለቀቀችው። አንድ ግዙፍ ነጋዴ እጁን ሊታጠብ ተነሣ፤ ሲመለስ አልተቀመጠም፣ ምቱ ትከሻውን ይዞት ነበር። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አቶ ጀማል ለስላሳ ከፍተው ፊቴ አስቀመጡልኝ።

መመለሻ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አበቃች። አቶ ጀማል ሒሳቧን ሰጥተው፣ «በየቅዳሜው ትምጣ፣ ኢንሻአላህ» አሉ። «አንቺ ግን ቅሪ አዮ። እንደ ፖሊስ በር ላይ ተቀምጠሽ ደንበኞቼን አስፈራሽብኝ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ሐናም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ብቻዋን መምጣቷን ገና አልፈቀድኩም ነበርና።

ያደርነው የቤተ ክርስቲያን እኅት ቤት ነው። በማግስቱ ጭሮ ስንገባ አባቷ ምን አየሽ አለኝ። ጫቱን አልደበቅኩትም። ክፉ ቃል የተናገራት እንደሌለ፣ ሳይጨልም እንደጨረሰችም ነገርኩት። ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተከፋ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ግን መጠበቅ ታውቃለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር መረጥኩላት፣ ካርቶኑ በደንብ መታሰሩን አየሁ። ረዳቱ በሩን ይዞ፣ «እናት፣ አይገቡም?» አለኝ።

«እሷ ብቻ ናት» አልኩት።