የአስተርጓሚው ልጅ

አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ድንገት ሲጮህ፣ ያንን ጆሮ የሚበሳ ረጅም ፉጨት ሲለቅ፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይይዛል፤ የእኔ ግን ፊቴ ይግላል። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ፉጨቱ ገና ሳያባራ፣ ከላምበረት መናኸሪያ ከፍ ብላ በነበረችው የቆርቆሮ ጸሎት ቤታችን ውስጥ፣ ከእማዬ ጎን ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አባዬን እያየሁ እገኛለሁ።

አባዬ በወጣትነቱ ከደቡብ መጥቶ ላምበረት ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። እንግሊዝኛን ማንም አላስተማረውም፤ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል የእንግሊዝኛና የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ቁጥር ከቁጥር እያስተያየ፣ በዓይኑ ብቻ የተማረው ነበር። ከውጭ አገር ሰባኪ ሲመጣ ግራጫ ኮቱን ለብሶ ከጎኑ የሚቆመው እሱ ነበር፤ እኔም በሰፈሩ «የአስተርጓሚው ልጅ» ተብዬ ስጠራ ደረቴን ነፋ አድርጌ እሄድ ነበር።

አንድ በጋ ላይ ንግግሩ የሚጣደፍ አዲስ እንግዳ መጣ። ሰውዬው ትናንት እንጦጦ ኮረብታ ላይ መውጣቱን ሊነግረን «ሂል» አለ። አጠር ሲል ኮረብታ፣ ሳብ ሲል ደግሞ ፈውስ የሚሆነውን ይህን ቃል አባዬ ሳብ አድርጎ ሰማውና፣ «ትናንት እንጦጦ ላይ ጌታ ፈወሰኝ!» ብሎ አስተረጎመ። ጉባኤው በእልልታ ተነሣ፣ እንግዳው ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። ይኼኔ ከመዘምራኑ መሐል አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ «ኧረ ጋሼ፣ ኮረብታ ወጣሁ ነው ያለው!» አለ። እልልታው ወደ ሳቅ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ አባዬ አንድም ቃል መስማት አቃተው፤ እንግዳው ተናግሮ ይጠብቃል፣ አባዬ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ማይክሮፎኑ በእጁ ውስጥ ይጮሃል። በመጨረሻ ተማሪው ወጥቶ ማይክሮፎኑን ተቀበለው። እማዬ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ሳበች፣ እኔ ጫማዬን አየሁ።

በጋው አለፈ፤ ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ቀን ያነሣ ሰው አልነበረም። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ግን አባዬ፣ «ሊዲያ፣ ነይ እስቲ» ብሎ መገናኛ ወሰደኝና፣ ደረጃ ወጥተን አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባን። አስተናጋጇ የእንግሊዝኛ አነጋገር የሚያስተምሩ ድረ ገጾች ከፈተችልን። በአንደኛው ላይ ዜና በዝግታ እየተነበበ ጽሑፉ ከሥር ይታይ ነበር። በሌላው ላይ የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሲጫኗቸው አንዲት ሴት ትጠራቸውና፣ ቀጥላ አንዱን ብቻ ብላ የትኛው እንደሆነ ትጠይቅ ነበር፤ ያገኘ አረንጓዴ፣ የሳተ ቀይ ይበራለታል። ዝናቡ ሲበረታ መስመሩ እየተቋረጠ የሴትዮዋ ድምፅ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር።

አባዬ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የራሱ ድምፅ ምን ያህል እንደሚጮህ ሳያውቅ፣ ቃሉን ተከትሎ ይደግም ነበር። ወጣቶቹ ከየወንበራቸው ዞረው ይስቃሉ። እጅጌውን ጎትቼ «አባዬ፣ ቀስ በል» ስለው፣ «ምን አልሽ?» ብሎ ይብሱን ይጮሃል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ከሳቁ የባሰው ግን ተራው የእኔ ሲሆን ነበር። እሱ ቀይ ባበራበት ላይ እኔ አረንጓዴ አበራሁ። ደግሞም አበራሁ። ልዩነቱ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር፤ አባዬ በስንት ዓመት ልፋት ያላገኘውን እኔ እንዲሁ ማግኘቴ እንደ ስርቆት አሳፈረኝና፣ እያወቅሁ የተሳሳተውን መጫን ጀመርኩ። እሱ ግን ነቃ። ማዳመጫውን አውልቆ፣ በዝግታ፣ «ሊዲያ፣ የሰማሽውን ተጫኚ» አለኝ።

ቀጥሎ በመጣው መስከረም ዝናቡ ሲያባራ፣ ቅዳሜ ጠዋት የእንጦጦን ዳገት እየወጣን ባሕር ዛፍ ውስጥ መለማመድ ጀመርን። እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይደግማል። አንድ ቀን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ቆም ብለው፣ «ጌታዬ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው የሚጣሩት?» አሉት።

«ጆሮዬ፣ እናቴ» አለ አባዬ።

ሴትዮዋ አልሳቁም። «ያገናኝዎት» ብለው ሸክማቸውን አስተካክለው ወረዱ።

ጥር ላይ ያው እንግዳ ተመልሶ ሊመጣ ሆነ። ተማሪው ተመርቆ ክፍለ አገር ሄዶ ስለነበር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው አባዬን ለመኑት። እሱም፣ «ሊዲያ ታስተርጉም» አለ።

«ልጅ አይደለችም እንዴ?» አሉ አንደኛው።

«ልጅ ናት፤ ግን ትሰማለች።»

አለቀስኩ። ሰው ፊት መሳሳቱን አልነበረም የፈራሁት፤ በአባቴ ቦታ መቆሙን ነበር። እሁድ ዕለት ቁመቴ አልደርስ ብሎ ማይክሮፎኑን አባዬ ከጎኔ ቆሞ ያዘልኝ። እንግዳው ስለ ማዕበል ይናገር ነበር፤ ሁሉንም ሰማሁት፣ እስከ አንድ ቃል ድረስ። «አንከር» አለ። ድምፁ ጥርት ብሎ ገባኝ፣ ትርጉሙን ግን አላውቀውም። ወደ አባዬ ዞሬ በሹክሹክታ «አንከር» አልኩት፤ እሱም አያውቀውም። ዓይኑን ጨፍኖ የገጹን ፊደል ፈለገና፣ «አንቾር!» አለ፣ ሲያነበው እንደኖረው። ማይክሮፎኑ ቃሉን ተቀብሎ በአዳራሹ ሁሉ አሰማው፣ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አባዬ ግን አልደነገጠም፤ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «መልሕቅ ነው፣ የነፍስ መልሕቅ» አለኝ። እንዳለኝ አልኩ። ጉባኤው አሜን አለ።

ስንወጣ ሁሉም እኔን ይስም፣ እኔን ይመርቅ ነበር። «ቃሉን እሱ ነው የነገረኝ» ብዬ ሳልጨርስ ሌላ ሰው ያቅፈኛል። አባዬ ጥግ ላይ ጎንበስ ብሎ የማይክሮፎኑን ገመድ ይጠቀልላል፤ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምንና ፈገግ አለልኝ። እኔ ግን አቀረቀርኩ።

ዛሬ ልጄ ያንኑ ትምህርት ክፍሉን ዘግቶ በስልኩ ይማራል። ድምፁ አይቋረጥበትም፤ ደጋግሞ ቢስት የሚያየው፣ ጮክ ቢል የሚስቅበት የለም። ይህ ለአባዬ በደረሰለት እላለሁ። ያኔ ውርደታችን ሰው ፊት ነበር፤ የእሱን እኔ አየሁ፣ የእኔን እሱ አየ። ልጄ ግን ከክፍሉ ሲወጣ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። የትኛው ቃል እንደሚያስቸግረው አላውቅም፤ አንኳኩቼ ልጠይቀው እስከ በሩ እሄድና፣ አፍሬ እመለሳለሁ።