እንግዳ ምንጭ አይጠርግም

ልጄ ስትሞት መንደሩ አልቀበረልኝም። ሊያለቅሱ መጥተዋል፤ አካፋ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም። የእድሩ ዳኛ «አንተ እንግዳ ነህ፣ እድር የለህም» አለኝ። ጉድጓዱን እኔና እናቷ ቆፈርን።

መንደሩ ከደብረ ኤልያስ ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ የሚገኝ የፍል ውሃ መንደር ነው። ዛሬ ወጣቶቹ ቆርቆሮ ላይ «ሪዞርት» ብለው ጽፈው መንገድ ዳር አቁመዋል። ከከተማ ለሚመጣው ተዝናኝም መንደሩ የጥንት ነው ብለው ጽፈውለታል። ውሸት ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሸብቼ ነው፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ ሳይ ዝም አልልም። በፊት እዚያ ምንጩና ዝንጀሮው ብቻ ነበር። መጀመሪያ የሰፈሩት ቁስለኞችና ቁርጥማት የያዛቸው ናቸው። ሊታጠቡ ወርደው፣ ሲሻላቸው ዳገቱን መመለስ አስጠላቸው። ምንጩ ዳር ዳስ ጥለው ለሚቀጥለው በሽተኛ ማከራየት ጀመሩ። መንደር የሆነው እንዲህ ነው። እኔም ከሮብ ገበያ በኩል ጉልበቴ አብጦ በወንድሜ በቅሎ ወረድኩ። እግሬ ሲፈታ ለታጣቢ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ ሴት አገባሁ። እሷም ደረቷን አሟት የመጣች ናት።

ደንቡ አጭር ነው። በክረምት ጎርፉ ምንጩን በደለል ይሞላዋል። መስቀል ሲያልፍ፣ ታጣቢው ሳይመጣ፣ አባወራው ሁሉ ወጥቶ ይጠርጋል። የጠረገ የእድር ሰው ነው፤ ምንጩ ዳርም የዳስ ቦታ ይደርሰዋል። በየዓመቱ አካፋዬን ይዤ እወጣለሁ። በየዓመቱም አካፋውን ከእጄ ተቀብለው ዋርካው ጥላ ሥር ያስቀምጡኛል፤ ጠላ ይቀዱልኛል።

«ኧረ ተው፣ እንግዳ አይደክምም!»

«ይልቅ ይቺን ጎንጨት አድርጋት። ጉልበትህን ያምሃል።»

በትህትና ነው የሚገፉህ። ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ። ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ አንድ አባወራ በተጨመረ ቁጥር ለዳስ የሚደርሳቸው ቦታ ይጠባል።

ልጃችን በሞተች በዓመቱ ሚስቴ ማሳል ጀመረች። «እኔንስ ብቻህን ነው የምትቆፍርልኝ?» አለችኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ቆረጥኩ። «እንግዳ ካሉን እንግዳ እንሁንላቸው» አልኳት። እንቁጣጣሽ ባለፈ ማግስት ቤታችንን ዘግተን፣ ጋቢያችንን ደርበን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ዳኛው ደጃፍ ቆምን።

«ቤት ለእንግዳ!» አልኩ።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው!» አለ ከውስጥ። ልማድ ነው፣ አፉ ቀደመው። ወጥቶ አየኝ። «አንተ ነህ? ቤትህ እዚህ ማዶ አይደል እንዴ?»

«እንግዳ ምን ቤት አለው? እንግዳ ነህ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ቀልድ መሆኑ ነው?»

«እግራችንን ያስታጥቡን። ሚስቴን መንገዱ አድክሟታል።»

ሚስቱ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እግራችንን ታጠብን፤ እራት ቀረበልን፤ መደባቸውን ለቀቁልን። በማግስቱም አልሄድንም። የእግዜር እንግዳ ማን ያባርራል? ሰንብተን ወደ ጎረቤቱ ተሻገርን፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ያጉረመርማሉ፣ ያበላሉ። «ደግሞ ዛሬ ተራው የማን ነው?» እያሉ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ሚስቴ በሀፍረት አንገቷን ደፋች። «ይብቃህ» አለችኝ። አልበቃኝም።

ዙሩን ጨርሰን እንደገና ዳኛው ደጃፍ ስንቆም የወጣችው ሚስቱ ናት። «ቤት ለ...» ብዬ ሳልጨርስ የባሏን አካፋ ከግድግዳው አንስታ እግሬ ሥር ወረወረችው።

«ውሰድ! ነገ ውረድና ምንጩን ጥረግ! እናንተን ስመግብ ከምከርም ዳሱ ቢጠበን ይሻለኛል!» ወደ ውስጥም ዞረች። «አንተስ፣ ሰማህ? የአንተ አባት በምን መጣ? በቃሬዛ አይደል እንዴ?»



በማግስቱ ከሁሉም ጋር ወረድኩ። ከእጄ አካፋ የተቀበለ አልነበረም። ትኩሱ ጭቃ ውስጥ እስከ ጭኔ ገብቼ ስዝቅ ዋልኩ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ይቅር አላልኩም። ሥራው ሲያበቃ ዳኛው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ስሜንና የሚስቴን ስም ጠርቶ «የእድሩ ሰዎች ናቸው» አለ። ቀኑ ሰኞ፣ መስከረም 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር።