ሰነዱ ውስጥ የገቡብን እንግዶች

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት፣ ሁላችንም በጋራ የምንጽፍበት ፕሮግራም አንድ ረጅም ማስታወቂያ ይዞ ጠበቀኝ። አዲስ ረዳት ተጨምሮልናል፤ የጻፍነውን እያነበበ ያሳጥራል፣ ያርማል፣ ሲደክመን ደግሞ ራሱ ይጽፍልናል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የግል መረጃ አያያዝ ደንቡም ተሻሽሏል ይላል። አጠገቤ የምትቀመጠው ሂክማ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ "እስማማለሁ የሚለውን ተጫኚውና ሥራችንን እንሥራ፤ ይሄን ሁሉ ማን ያነበዋል?" አለችኝ። እኔ አነበዋለሁ። ከላይ እስከ ታች አንብቤ፣ ያልገባኝን ደግሞ እንደገና አነበዋለሁ። ሂክማ "እርጅና ነው" ትለኛለች፤ ሠላሳ እንኳን አልሞላኝም! ደንብ የማነብ ሰው ያደረገኝ አንድ የክረምት ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት እኔም እንደሷ ነበርኩ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ጅግጅጋ የቀረ ነጋዴ ነው፤ ገበያው አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው፤ በሱቁ ጥግ ደግሞ፣ ከፍሬን ሸራና ከዘይት ጣሳ መሀል፣ የእኔ የምላት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረች። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አያን ለክረምት ወደ እናቷ አባት ዘንድ፣ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ወዳለችው የባቡር ጣቢያ ከተማ ወደ አዲጋላ ሄዳ ነበር። አያቷ ሮብሌ፣ እኛ በሶማሊኛ የአክብሮት አጠራር አዴር የምንላቸው፣ በአሮጌው ባቡር ዘመን ጣቢያው ውስጥ የሠሩ፣ ሶማሊኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚያቀላጥፉ ሰው ናቸው። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ወደየፊናው ሲበታተን እሳቸው ከጣቢያው ሥር ንቅንቅ አላሉም። ታሪካቸውን እንድንጽፍ ስንለምናቸው ከርመን በመጨረሻ እሺ አሉ። በየትኛው ቋንቋ እንጻፍ ስንላቸው፣ "የሥራ ነገር ነው፤ በሥራው ቋንቋ ይጻፍ" ብለው አማርኛን መረጡ።

አንድ ነገር ግን አስማሉን። ልጃቸው ጉሌድ፣ የአያን አጎት፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ደወሌ ከጉምሩክ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አባቱን አብረን እንሂድ ብሎ ለምኖ እምቢ ስላሉት ተጣልተው ከተለያዩ ዓመታት ሆኗቸዋል። አዴር ሮብሌ ታሪኩን የሚናገሩት ለእሱ ብለው ነበር። "እኔ በቃ እስክል ከሁለታችሁ ጆሮ እንዳይወጣ" አሉን። "ግማሹን ሰምቶ ቢቀየመኝ ሌላውን ግማሽ የምነግርበት ዕድሜ የለኝም።"

የጋራ ሰነዱን ስከፍት የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። አዲጋላ ኔትወርክ የሚይዘው ጣቢያው ደረጃ ላይ ነውና አያትና የልጅ ልጅ ከዐስር ሶላት በኋላ እዚያ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ አያን በስልኳ ትጽፋለች። እኔ ጅግጅጋ ሆኜ፣ ከካራማራ በኩል የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ የሱቁን ሸራ እያንገጫገጨው፣ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ስክሪኔ ላይ ሲወጡ አያለሁ። አያን ደግሞ የሰማችውን ሁሉ ነው የምትጽፈው። "የድሬው ባቡር ገና ሳይታይ ሐዲዱ ላይ ድምፁ ይመጣል አንቺ ልጅ ሻዩ ቀዝቅዟል ወተት ጨምሪበት" ብላ ትጽፋለች። እኔ ሻዩን አውጥቼ ባቡሩን አስቀራለሁ። ሳምቡሳዬን በአንድ እጄ፣ በሌላው ፊደል እየለቀምኩ፣ ከሳቅ ጋር ስታገል ይመሻል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የአያን ስልክ የይለፍ ቃል እየጠየቀ ሲያስቸግራት ትዕግሥቴ አለቀና "ሊንኩ ያለው ሁሉ መጻፍ ይችላል" የሚለውን መረጥኩላት። ከሥሩ ያለውን ማስጠንቀቂያ አላነበብኩም። አያን ደግሞ የጣቢያዎቹን ቅደም ተከተል እንድትነግራት ብላ ደወሌ ላለች የአክስቷ ልጅ ሊንኩን ላከች፤ በእነሱ ቤተሰብ ለአንዱ የተላከ ለሁሉም እንደተላከ ነው።

በአራተኛው ቀን አዴር ሮብሌ ጉሌድ ወደሄደበት ቀን ደረሱ። "መኪናው ላይ ተሰቅሎ፣ 'እንግዲህ ከብረትህ ጋር ኑር' አለኝ" ብለው ሻይ ለመጠጣት አረፉ። ልክ ያኔ ከሰነዱ አናት ላይ ባለቀለም ክብ ብቅ አለች። ስሙን ያልሰጠ ሰው ሲገባ ፕሮግራሙ የእንስሳ ስም ያወጣለታል፤ የገባው ቀበሮ ነበር። ቀጥሎ ጉማሬ። ቀጥሎ ሰጎን፣ ጦጣ፣ ኤሊ። ወዲያው ደወልኩ።

"አያን፣ ሰው ገብቶብናል!"

"የት?"

"ሰነዱ ውስጥ! አምስት ናቸው! እያነበቡት ነው!"

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋው ስለነበር አዴር ሮብሌም ሰሙ።  "አዴር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሁኑኑ እዘጋዋለሁ" አልኳቸው።

 እሳቸው ግን፣ "ከዘጋሽው ግማሹን ይዘው ሄዱ ማለት ነው" አሉ። "አትዝጊው። አያን፣ ወሬ ጠይቂያቸው። ሰው ተቀላቅሎ ሲቀመጥ መጀመሪያ ማን እንደሆነ ይናገራል።"

አያን ከታሪኩ ሥር በትልቁ ጻፈች፤ "የገባችሁ ሰዎች ሁሉ፣ ወረን፣ ምን ወሬ አለ? ማን ናችሁ? ከየት ናችሁ?"

ቀበሮው ወዲያው በሶማሊኛ ለአያቱ ሰላም ብሎ መለሰ፤ "ነበድ፣ አዎዌ። የልጅዎ የሂቦ ልጅ ነኝ፣ ደወሌ።" ጉማሬው ድሬዳዋ ያለች የወንድማቸው ልጅ ሆና ተገኘች። ሰጎኑ ጅቡቲ፣ አርታ ያለ የእህታቸው ልጅ ነበር። ጦጣውማ ስሙን ከነአያት ቅድመ አያቱ ዘርዝሮ ሲያበቃ "ያ ባቡሩ የገጨው ፍየል የጎረቤት ሳይሆን የእኛ ነበር" ብሎ ሁለተኛውን ገጽ ማረም ጀመረ። እኔ በፍርሃት ላብ ተጠምቄ ሳለ አያን ከሳቅ የተነሳ ማንበብ አቅቷታል። ያልመለሰ ኤሊው ብቻ ነበር።

"ኤሊው ምን አለ?" አሉ አዴር ሮብሌ።

"ምንም።"

ማን እንደሆነ ሦስታችንም ጠርጥረናል። "ጻፊ" አሏት። "አሁን ሁሉንም ጻፊ።"

እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። የስልኩ ባትሪ ሃያ በመቶ ነበር፤ አያን እየተሳሳተች ትጽፋለች፣ እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ አርማለሁ። አለቃቸው የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ሰጥተዋቸው፣ የሚረከብህ ሰው እስኪመጣ ጠብቅ ብለዋቸው ነበር። አለቃውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ፤ ማን እንደሚረከብ ሳይታወቅ ቀረ። "ሳላስረክብ ብሄድ ሌባ ነው እባላለሁ፤ ልጄም የሌባ ልጅ ይባላል። ይህን ለጉሌድ አልነገርኩትም። አባት ለልጁ ምክንያት የሚሰጥ አይመስለኝም ነበር። ተሳሳትኩ።"

ባትሪው አራት በመቶ ሲቀረው የኤሊው ጠቋሚ ከጽሑፉ መጨረሻ መጥታ ቆመች። አንድ ቃል ጻፈ፤ አጠፋው። እንደገና ጻፈ፤ አጠፋው።  ከዚያ በሶማሊኛ አባቴ ከሚለው ቃል ጀምሮ መጣ፤

"አቦ፣ ቁልፉን እኔ እረከብሃለሁ።"

ጮኼ ከወንበሬ ተነሳሁ። ፍሬን ሸራ ሊገዛ የመጣ ሹፌር የእባብ ነገር መስሎት ከሱቁ ዘሎ ወጣ፤ አባቴም "ምን ነካሽ?" እያለ መጣ። እያለቀስኩ ነግሬው እሱም ሳይወድ ዓይኑን ጠረገ።

የርክክቡን ቅጽ በሦስት ቅጂ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አዴር ሮብሌ በስልክ "ማኅተም ከሌለውማ ምኑን ወረቀት ሆነ?" ስላሉ አባቴ የሱቁን ማኅተም አሳረፈበት። በካራማራ በኩል ሐረርን፣ ድሬዳዋን አልፌ፣ ከዚያ በአይሱዙ አቧራ ለብሼ አዲጋላ ስደርስ ጉሌድ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። አባትና ልጅ ብዙ አልተነጋገሩም። ሁለት ፋኖስ፣ አንድ መዶሻ፣ ሰባት መፍቻ፣ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተረካቢ ፈረመ፣ አስረካቢ ፈረመ። አዴር ሮብሌ የግመል ወተታቸውን ጠጥተው ጨረሱ፣ ሽርጣቸውን አጠበቁ፣ ልጃቸውንም "በል እንሂድ" አሉት።

መኪናው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ። ምስጋና ጠብቄ ነበር። "ያጠፋሽው ግን ጥፋት ነው" አሉኝ። "የገቡት የእኔው ሰዎች ሆነው ተረፍሽ። ሰው ሲያወራሽ ማን እየሰማው እንደሆነ ንገሪው።"

ያኔ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ ሁሉ ደስታ ይዤው የቀረሁት ቃል እሱ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ አሁንም ልቤ ይዘላል፤ ሰኞ ዕለትም ያንን ረዳት ለመሞከር ጣቴ እያሳከከኝ ነበር። ነገር ግን በሰነዳችን ያለው የእኔ ታሪክ አይደለም፤ ጅግጅጋ ውስጥ ወተት የሚሸጡ ሴቶች አምነው የነገሩን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከእነሱ አንዷ ለሆኑት ለወይዘሮ ፋዱሞ ደውዬ ስለ ረዳቱ ነገርኳቸው።

"አሁን የሚያነበው ሰው ነው?" አሉኝ።

"ፕሮግራም ነው፤ ከጀርባው ግን ሰዎች አሉ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቀምጡት ደንቡ በቅጡ አይናገርም።"

 "እንግዲያው የልጄን ነገር አውጪልኝ። ሌላው ይሁን።"

ሦስት አንቀጽ ነበር። ካወጣሁትም በኋላ በቀድሞው ቅጂ ውስጥ ስለሚቀር፣ የቀረውን ወደ አዲስ ሰነድ ገልብጬ አሮጌውን ደመሰስኩት። ሂክማ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ከዚያ የሴቶቹን ዝርዝር ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳችና በሁለተኛው ስም ላይ ጣቷን አድርጋ መደወል ጀመረች።