የእንግዶች ወንበር

ፀጉር አስተካካዩን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ጥሩንባው» ነበር የሚሉት። የወንጌል ስርጭቱን ክፍል የሚመራው እሱ ነው፤ መድረክ ላይ ሲወጣ ማይክሮፎን የሚባል ነገር አያሻውም። «አፋችሁን ማን ሰፋው? ጎረቤታችሁ ሲጠፋ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» እያለ ሲያፋጥጥ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ መሬት መሬት ያያሉ። ለሚመጣው እሁድ ሁሉም ሰው አንዳንድ እንግዳ ይዞ እንዲመጣ ያወጀውም እሱ ነው። «ሰበብ አልሰማም!» አለ። ጉድ እኮ ነው!

ሱቁ ውስጥ ግን ይኸው ሰው ሌላ ሰው ነው። ምላሱ እዚያም አያርፍም፤ ወሬው ግን ኳስ፣ የኑሮ ውድነትና የሰፈር ሐሜት ነው። ስለ እምነቱ ትንፍሽ አይልም። ደንበኛ እንዳይሸሸው ይፈራላ! ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የሚያንጎራጉረውን መዝሙር እንኳ ሰው ሲገባ ቃሉን ውጦ ዜማውን ብቻ ያፏጨዋል።

ከደንበኞቹ ሁሉ የሚወደው አናጺውን ነበር። ሰውየው ፀጉሩ መሃል ሰጋቱራ አይጠፋም፤ «ዛሬ የምቆርጠው ፀጉር ነው ጣውላ?» እያለ ይቀልድበታል። የአናጺው ሚስት የሞተች ሰሞን ግን ቀልድ አልነበረም። አናጺው ፎጣ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ «ስማ እስቲ፣ የሞተ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው? ደግሜ አያት ይሆን?» አለው።

ከኋላ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ጥሩንባው በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አያቸው። የሚለው አጥቶ አይደለም፤ መድረክ ላይ ስንቴ ብሎታል! «ቀና በል፣ ጆሮህን እንዳልቆርጠው» አለና ራዲዮኑን ከፍ አደረገው። አናጺው ቀና አለ። ከዚያ ወዲያ ጠይቆት አያውቅም።

እሁዱ ደረሰ። ጥሩንባው ሳምንቱን ሙሉ ዛሬ ነገ ሲል ማንንም ሳይጋብዝ ብቻውን መጣ። «መሪውን ማን ይጠይቃል?» ብሎ ራሱን ሸንግሎ መድረኩ ላይ ከመጋቢው አጠገብ ተሰየመ። በቤተ ክርስቲያኑ ልማድ እንግዳና ጋባዥ አብረው ይነሱና ፊት ለፊት ያለው የእንግዶች ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ባልና ሚስት ከነጋባዣቸው መጡ፤ አንዲት ነርስ መጣች፤ ተጨበጨበ። በመጨረሻ ከኋላ ጥግ አንድ ሰው ብቻውን ብድግ ብሎ መጣ። ጥሩንባው ክው አለ። አናጺው ነው።

«አንተንስ ማን ጋበዘህ?» አለ መጋቢው።

«ማንም። በዚህ ሳልፍ የምትዘምሩትን ሰማሁና ዜማውን አወቅኩት። ፀጉር አስተካካዬ ሁልጊዜ ያፏጨዋል። እንዴ! ያውና እሱ ራሱ!»

«ጥሩንባችን ነዋ!» አለ መጋቢው ፊቱ በርቶ። «ሥራ ቦታውም ይመሰክራል ማለት ነው!» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጥሩንባው ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልፍለት ነበር። ለአፍታም ዝም አለ፤ ያቺ አፍታ ናት እስከ ዛሬ የምታቃጥለው።

«ኧረ እሱስ አንድም ቀን አልነገረኝም» አለ አናጺው እየሳቀ። «አንተም እንደኔ አዲስ ነህ አይደል? ለምን እዚያ ላይ ሰቀሉህ? ና፣ እዚህ አጠገቤ ቦታ አለ።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ጥሩንባው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያ ሁሉ ያፋጠጠው ሰው አሁን ያፈጠጠው እሱ ላይ ነው። እንደ ምንም ከመድረኩ ወርዶ አናጺው ጎን ተቀመጠ።

«አዲስ አይደለሁም» አለው፤ ያ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ ከአናጺው በቀር የሰማው የለም። «ያን ቀን ስትጠይቀኝ የምመልስልህ ነበረኝ። ሰዎቹን አፍሬ ነው።»

የአናጺው ሳቅ ጠፋ። «እኔ እኮ» አለ፣ «አንተም እንደኔ ግራ የገባህ መስሎኝ፣ እንዳላስጨንቅህ ብዬ ነው ደግሜ ያልጠየቅኩህ።»

መዘምራኑ የእንግዳ መቀበያውን መዝሙር ጀመሩ። ጥሩንባው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አቀረቀረ። አናጺው ሻካራ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«ቀና በል» አለው። «አሁን ንገረኝ።»